ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥርና ዓይናችን የሚያየው፦ ለአነስተኛ ቴሌስኮፕ የዓይን ሌንስ አመራረጥ

በ2015 ዓ.ም. ኅዳር ወር አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ፣ ውጭ አገር የምትኖር አክስቱ የላከችለትን ቴሌስኮፕ ከነካርቶኑ ተሸክሞ ወደ ቢሯችን መጣ። «መምህር፣ ይህ ነገር የተበላሸ ይመስለኛል» አለን። ሦስት ሌሊት በደብረ ማርቆስ ብርድ ጋቢ ተከናንቦ ሳተርንን ሲፈልግ፣ ያገኘው የሚንቀጠቀጥ ግራጫ ጉም ብቻ ነበር። በካርቶኑ ላይ ግን በጉልህ ፊደል «525 ጊዜ ያጎላል» ተብሎ ተጽፏል። ልጁ ከመሣሪያው አልፎ የገዛ ዓይኑን መጠራጠር ጀምሯል፤ ቴሌስኮፑን የሚገዛ ሰውም እያፈላለገ ነበር።

ዕቃውን ፈታትሸን አየነው። ዋናው ሌንስ ንጹሕ፣ ቱቦውም ደህና ነው። ችግሩ የነበረው በዓይን ሌንሶቹ ላይ ነው። ብዙ ወጣቶች በዚሁ ምክንያት ከሰማይ ጋር ገና ሳይተዋወቁ ስለሚለያዩ፣ ጉዳዩን ከመሠረቱ እንመልከተው።

ቴሌስኮፕ ሁለት ዋና ክፍሎች አሉት። ከፊት ያለው ዋናው ሌንስ (በአንዳንዶቹ መስተዋት) ብርሃን ሰብስቦ ምስል ይሠራል። ዓይናችንን የምናስጠጋበት የዓይን ሌንስ ደግሞ ያንን ምስል እንደ አጉሊ መነጽር አቅርቦ ያሳየናል። መሣሪያው ስንት ጊዜ እንደሚያጎላ ለማወቅ የዋናውን ሌንስ የትኩረት ርቀት ለዓይን ሌንሱ የትኩረት ርቀት ማካፈል ይበቃል። የተማሪያችን ቴሌስኮፕ ዋና ሌንስ ስፋቱ 70 ሚ.ሜ.፣ የትኩረት ርቀቱ 700 ሚ.ሜ. ነው። አብረውት የመጡት የዓይን ሌንሶች ባለ 20 ሚ.ሜ. እና ባለ 4 ሚ.ሜ. ናቸው። በመጀመሪያው 35 ጊዜ፣ በሁለተኛው 175 ጊዜ ያጎላል። በባለ 4 ሚ.ሜ. ሌንስ ላይ ሦስት እጥፍ የሚያደርግ ባርሎ ሌንስ ሲጨመርበት 175 በ3 ተባዝቶ 525 ይሆናል። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ ሻጩም አልዋሸም። ነገር ግን የሸጠው ምንም የማይጠቅም እውነት ነው።

የማይጠቅመው ስለ ምንድን ነው? ብርሃን ሞገድ ስለሆነ በዋናው ሌንስ ክብ ቀዳዳ ሲያልፍ ጥቂት ይበተናል። ስለዚህ የአንድ ኮከብ ምስል ነጥብ መሆኑ ይቀርና ትንሽ ክብ ይሆናል። 70 ሚ.ሜ. ስፋት ያለው ሌንስ ሁለት ተቀራራቢ ነጥቦችን ለይቶ ማሳየት የሚችለው በመካከላቸው ወደ 1.7 የቅስት ሴኮንድ ያህል ርቀት ሲኖር ነው (አንድ ዲግሪ 3600 የቅስት ሴኮንድ ነው)። ጤናማ ዓይን ደግሞ ሁለት ነጥቦችን ሳይቸገር ለመለየት ወደ 120 የቅስት ሴኮንድ ይፈልጋል። 1.7ን በ70 ብናባዛ 119 እናገኛለን። እንግዲህ 70 ጊዜ ስናጎላ ዋናው ሌንስ የያዘውን ዝርዝር ሁሉ ለማለት ይቻላል አይተነዋል። እስከ 140 ብንደርስ ያው ዝርዝር ለዓይን ይመቻል። ከዚያ በላይ የምናጎላው ብዥታውን ነው፤ ጋዜጣ ላይ የታተመን ፎቶግራፍ በአጉሊ መነጽር ቢያዩት የቀለም ነጠብጣብ እንጂ የፊት ገጽታ እንደማይጨምር ያለ ነው። የቴሌስኮፑን ስፋት በሚሊሜትር ወስዶ በ2 ማባዛት የሚባለው የተለመደ መመሪያም ከዚሁ የመጣ ነው።

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። የፕላኔቱ ገጽ ድምቀት ከማጉሊያው ካሬ ጋር በተቃራኒ ስለሚቀንስ፣ በ525 የሚታየው ሳተርን በ70 ከሚታየው 56 ጊዜ ያህል የደበዘዘ ነው። በዚያ ላይ ምድር ትሽከረከራለች። ሰማይ በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ይዞራል። የዓይን ሌንሱ 40 ዲግሪ የሚያሳይ ቢሆን፣ በ525 ማጉሊያ የሚታየው እውነተኛ የሰማይ ስፋት 40 ሲካፈል ለ525፣ ማለትም 0.08 ዲግሪ እንኳ አይሞላም። ሳተርን ይህን በ18 ሴኮንድ አቋርጦ ይወጣል። ቀጭኑ የብረት መቆሚያ በተነካ ቁጥር የሚንቀጠቀጥበት ጊዜም ከዚሁ ላይ ይቀነሳል። ልጁ ሦስት ሌሊት መድከሙ አያስገርምም።

ታሪክም ይህን ይመሰክራል። ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1610 ከ20 እስከ 30 ጊዜ በሚያጎላ መሣሪያ ሳተርን ሦስት አካል ያለው መስሎት ነበር። ኹይገንስ እ.ኤ.አ. በ1655 የሳተርንን ታላቅ ጨረቃ ቲታንን ሲያገኝና ከአራት ዓመት በኋላ የቀለበቱን ምንነት ሲያስረዳ ያነሣሣው መሣሪያ ወደ 50 ጊዜ ቢያጎላ ነው። ልዩነቱን ያመጣው በአብዛኛው የሌንሱ ጥራት ነበር።

ታዲያ ምን እንምረጥ? ከሁሉ አስቀድሞ ዝቅተኛ ማጉሊያ የሚሰጥ ሌንስ ያስፈልጋል፤ ሻጮች የሚዘነጉትም እርሱን ነው። 32 ሚ.ሜ. የሆነ ጥሩ ሌንስ በዚህ ቴሌስኮፕ 22 ጊዜ ያጎላና ከ2 ዲግሪ በላይ ሰማይ ያሳያል። ይህም የሙሉ ጨረቃን ስፋት ከአራት ጊዜ በላይ መሆኑ ነው። ፕሌያዲስ የሚባለው የከዋክብት ስብስብ በሙሉ ይገባበታል። የፈለጉትን ኮከብ ለማግኘትም ከዚህ የሚሻል የለም። ደብረ ማርቆስ ወደ 10 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ፣ ከባሕር ጠለል 2400 ሜትር በላይ ስለምትገኝ፣ ከአየሩ ሩብ ያህሉ ከበታችን ቀርቷል። መብራት በጠፋበት ምሽት (እርሱም አልፎ አልፎ ይጠቅማል!) የከተማዋ ሰማይ ራሱ ይጨልማል። በሚያዝያና በግንቦት ደመና ካልከለከለ ኦሜጋ ሴንታውሪ የተባለው ታላቅ የከዋክብት ክምችት በደቡብ በኩል 32 ዲግሪ ከፍታ ላይ ይወጣል። በለንደን ያለ ሰው፣ ቴሌስኮፑ የፈለገውን ያህል ውድ ቢሆን፣ ይህን ከቤቱ ሆኖ አያየውም። እኛም ለዶክትሬት ትምህርት በሰሜኑ አገር በቆየንባቸው ዓመታት አንድ ቀን እንኳ አላየነውም።

ሁለተኛው ሌንስ ለጨረቃና ለፕላኔቶች የሚሆን 10 ሚ.ሜ. ይሁን፤ 70 ጊዜ ያጎላል። ገንዘብ ከተረፈ በሦስተኛነት ሁለት እጥፍ የሚያደርግ ባርሎ ይጨመር። ያን ጊዜ 22፣ 44፣ 70 እና 140 የሚሉ አራት ማጉሊያዎች ይኖሩናል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት 20 እና 10 ሚ.ሜ. ሌንሶችን ከሁለት እጥፍ ባርሎ ጋር በመግዛት ነው። 20 ሚሊሜትሩ በባርሎ ሲታገዝ መልሶ 10 ሚሊሜትር ስለሚሆን፣ አንድ ማጉሊያ ሁለት ጊዜ ተከፍሎበታል ማለት ነው።

ስለ ዓይነቱ ብዙ አንልም። ከርካሽ ቴሌስኮፕ ጋር የሚመጡት አብዛኛውን ጊዜ ከኹይገንስና ከኬልነር አሠራር የተወረሱ፣ ሁለት ወይም ሦስት ብርጭቆ ያላቸው ናቸው። የቪየናው ፕሎስል እ.ኤ.አ. በ1860 የሠራው ባለ አራት ብርጭቆ ዓይነት 50 ዲግሪ ያህል ስፋት ሲሰጥ፣ ለዋጋው የሚወዳደረው የለም። 82 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሚያሳዩም አሉ፤ ነገር ግን አንዳንዱ ብቻውን ከዚህ ቴሌስኮፕ ዋጋ ይበልጣል።

ለዘመድ «ላክልኝ» ብሎ ከመጻፍ በፊት የቴሌስኮፑን የዓይን ሌንስ ማስገቢያ በማስመሪያ መለካት ግድ ነው። የተለመደው 31.7 ሚ.ሜ. ሲሆን በአንዳንድ አሮጌና ርካሽ መሣሪያዎች 24.5 ሚ.ሜ. ይሆናል፤ አንዱ ለሌላው አይገባም። መነጽር የሚያደርጉ አንባቢዎችም ያስቡበት። በፕሎስል 10 ሚ.ሜ. ላይ ዓይን ወደ ሌንሱ እስከ 7 ሚ.ሜ. ድረስ መጠጋት አለበት፤ መነጽር ደግሞ ያን ያህል አያስጠጋም። ችግሩ ቅርብ ወይም ሩቅ አለማየት ብቻ ከሆነ መነጽሩን አውልቆ በማስተካከያው ቁልፍ ማጥራት ይቻላል። አስቲግማቲዝም ያለበት ግን ረጅም ሌንስ በባርሎ ቢጠቀም ይሻለዋል።

ከእነዚህ ቴሌስኮፖች ጋር አንዳንድ ጊዜ ከዓይን ሌንሱ ሥር የሚጠመዝዝ «ለፀሐይ» የተባለ ትንሽ ጥቁር ብርጭቆ ይመጣል። ይህን ወዲያውኑ ጣሉት። ዋናው ሌንስ የሰበሰበው ሙቀት በሙሉ በእርሱ ላይ ስለሚያርፍ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ በዚያች ቅጽበት ዓይን ይጠፋል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ ላይ እንዳለፈው ዓይነት የቀለበት ግርዶሽ ሲመጣ፣ የፀሐይ ማጣሪያ የሚደረገው ከቴሌስኮፑ ፊት፣ ብርሃኑ ከመግባቱ በፊት ነው።

ወደ ተማሪያችን እንመለስ። በዚያው ምሽት ባርሎውንና ባለ 4 ሚ.ሜ. ሌንሱን ከካርቶኑ ውስጥ ትተን፣ በእጁ የነበረውን ባለ 20 ሚ.ሜ. ብቻ ይዘን ወደ ሜዳው ወጣን። ሌንሱ ከቤት ሙቀት ወደ ውጭው ብርድ ሲወጣ ምስሉ ስለሚዋልል ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲቀዘቅዝ ተውነው፤ እስትንፋሳችን እንዳያደበዝዘውም ፊታችንን ዘወር አድርገን ቆየን። ከዚያ በ35 ማጉሊያ ወደ ሳተርን አነጣጠርነው። ልጁ ጎንበስ ብሎ አየ። ብዙ ዝም አለና «ትንሽ ነው፤ ግን ቀለበቱ አለ» አለ። ቀለበቱ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ጠርዙን ወደ እኛ አዙሮ ከሞላ ጎደል ጠፍቶ የነበረ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ቀስ በቀስ እየተከፈተ ይሄዳል። ቴሌስኮፑ አልተሸጠም። አክስቱ ባለ 32 ሚ.ሜ. ፕሎስል ልካለታለች፤ ማስገቢያውን ለክቶ ነው የጻፈላት።