ለሕፃናት የሚጽፉ ሰዎች ሥራቸውን እንዴት ይሠራሉ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዚህ እትም ልናካፍላችሁ ያሰብነው ትምህርት የመነጨው ከራሳችን ስሕተት ነው። ባለፈው ክረምት በሕፃናት ክፍል የሚነበብ አጭር ታሪክ እንድናዘጋጅ ተጠይቀን አዘጋጀን። ታሪኩ እናቱን አልታዘዝም ስላለ አንድ ልጅ የሚናገር ሲሆን፥ በመጨረሻው ገጽ ላይ መታዘዝ ምን ያህል መልካም እንደ ሆነ በሰፊው ያስረዳል። አንብበን ስንጨርስ ከፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና «ልጁ ስሙ ማን ነው?» አለችን። ስም አላወጣንለትም ነበር። ሌላው ደግሞ ቀጥሎ «እናቱ ምን አዝዛው ነው እምቢ ያለው?» ሲል ጠየቀ፤ ይህንንም አላሰብንበትም። እርስ በርሳችን ተያየን። ከዚያ ወዲያ የጠየቀን የለም፤ ሕፃናቱ መጎነታተል ጀመሩ።

ከዚህም የተነሣ ለልጆች በመጻፍ የታወቁ ሰዎች ጽሑፋቸውን እንዴት እንደሚጀምሩና እንዴት እንደሚያርሙ ማንበብ ያዝን። ከዚህ በታች የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በመጀመሪያ የደረስንባት እንግሊዛዊቷ ቢያትሪክስ ፖተር ናት። በ1893 የቀድሞ አስተማሪዋ ልጅ የሆነው ሕፃኑ ኖኤል ሙር ታሞ ተኝቶ ነበርና ደብዳቤ ልትጽፍለት ተቀመጠች። የምትጽፈው ወሬ ስላልነበራት ስለ አራት የጥንቸል ልጆች የሚናገር ታሪክ በሥዕል አስደግፋ ላከችለት። ከዓመታት በኋላ ያንኑ ደብዳቤ መልሳ ተውሳ ወደ መጽሐፍ ለወጠችው፤ አሳታሚዎች ግን አልተቀበሏትም። እርሷም ለሕፃን እጅ የሚመጥን ትንሽ መጽሐፍ፥ ዋጋውም ያልበዛ እንዲሆን ስለ ፈለገች በ1901 በራሷ ገንዘብ 250 ቅጂ አሳተመች። በሚቀጥለው ዓመት ፍሬደሪክ ዎርን የተባለው አሳታሚ በቀለም ሥዕል አወጣው። «የጥንቸሉ ፒተር ታሪክ» የሚባለው ይኸው ነው።

እኛን ያስደነቀን ግን ሌላ ነገር ነው። የዚህ መጽሐፍ ጉዳይ እናቱን ስላልታዘዘ ልጅ ነው፤ ይኸውም የእኛው ጉዳይ! ነገር ግን ፒተር ስም አለው፤ የተከለከለው ቦታም የማን አትክልት ቦታ እንደ ሆነ ይታወቃል። አባቱ በዚያ ተይዞ ለምግብ እንደ ተሠራ እናቲቱ ገና ከመጀመሪያው ሳትደብቅ ትነግራቸዋለች። ፒተር ገብቶ ይበላል፥ ይባረራል፥ ኮቱንና ጫማውን ጥሎ ያመልጣል። ቤት ሲደርስ ያመዋል፤ እኅቶቹ ዳቦና ወተት ሲቀርብላቸው ለእርሱ የሚደርሰው የመድኃኒት ቅጠል ሻይ ብቻ ነው። በዚሁ ያበቃል። ስለ መታዘዝ አንድም ስብከት የለም። እኛ አንድ ገጽ ሙሉ የደከምንበትን እርሷ በአንድ ማንኪያ ሻይ ጨረሰችው። ደግሞም ፖተር ፒተር የሚባል ጥንቸል በቤቷ ታሳድግ ስለ ነበር፥ ኮት ያለበሰችው ጥንቸል እንኳ ሲሮጥና ሲደበቅ እውነተኛ ጥንቸል ነው።

«የሻርሎት ድር» የተባለውን መጽሐፍ የጻፈው አሜሪካዊው ኢ. ቢ. ዋይት በሜይን ክፍለ ግዛት እርሻ ነበረው። በ1948 ታሞ ስለ ሞተበት አንድ አሳማ አሳዛኝ ጽሑፍ አወጣ። (አሳማ በእኛ ዘንድ የተወደደ እንስሳ አለመሆኑን እናውቃለን፤ ይሁን እንጂ የሰውየውን ኀዘን መናቅ አልተቻለንም።) በኋላም አንዲት ሸረሪት አንድን አሳማ ከመታረድ ስለምታድንበት ታሪክ ለመጻፍ ሲነሣ የሸረሪትን ኑሮ በብርቱ አጠና። ረቂቁን ከጨረሰ በኋላ ለአሳታሚ አልሰጠም፤ አስቀምጦ ቆይቶ እንደገና ጻፈው። በመጽሐፉ መጀመሪያ የምናገኛት ፈርን የተባለችው ልጅ በፊተኛው ረቂቅ ውስጥ እንዳልነበረች ስናነብ፥ እኛ የራሳችንን ታሪክ በአንድ ማታ ጽፈን በማግሥቱ ማባዛታችንን አስታውሰን አፈርን። መጽሐፉ በ1952 ታተመ። በመጨረሻ ሸረሪቷ ትሞታለች፤ ያውም ብቻዋን። ከብዙ ዓመት በኋላ ዋይት መጽሐፉን በድምፅ ሲቀርጽ ይህን ክፍል እንባ እያቋረጠው 17 ጊዜ እንደ ደጋገመው ቀረጻውን የመራው ሰው ተናግሯል። ከእኛ መካከል ለሕፃናት ሞት ሊነገር አይገባም ያሉ ነበሩ። ነገር ግን ከሕፃናቱ ስንቶቹ ከወላጆቻቸው ጋር ለፍትሐትና ለሙት ዓመት ቆመዋል!

ሦስተኛው ሲ. ኤስ. ሉዊስ ነው። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ምእመን ነበር እንጂ የእኛ ሃይማኖት ተከታይ አይደለም፤ ስለ ጽሑፍ የተናገረው ግን ይጠቅመናል። በ1950 የታተመው የናርንያ የመጀመሪያ መጽሐፍ የተነሣው ገና በ16 ዓመቱ በልቡ ከሣለው ሥዕል ነው፤ ይኸውም ከወገቡ በታች ፍየል የሆነ የተረት ፍጡር ጃንጥላ ይዞ፥ ዕቃ ታቅፎ በበረዶ ጫካ ሲሄድ የሚያሳይ ነበር። «ለሕፃናት የትኛውን የክርስትና ትምህርት ላስተምር?» ብሎ እንዳልጀመረ ራሱ ገልጿል። አስቀድሞ ሥዕሎቹ መጡ፤ እምነቱ በኋላ ከውስጡ ገባባቸው። እኛ ግን የጀመርነው ከምክሩ ነበር፤ ልጁን የፈጠርነው ምክሩን እንዲሸከምልን ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ከመካከላችን አንዱ ወንድማችን ተቃወመ። «ክቡር ከበደ ሚካኤል በታሪክና ምሳሌ ምክሩን በግልጽ ይናገሩ የለምን? አባቶቻችንስ በቃላቸው ይዘውት የለምን?» አለ። እውነት ነው፤ ጥያቄውን ፈጽሞ ለመመለስ አልቻልንም። ለጊዜው የተስማማንበት፥ በእርሳቸው ዘንድ አስቀድሞ እንስሳቱ ሲነጋገሩ እንሰማለን፥ የግጥሙም ዜማ ምክሩን ተሸክሞ ይሄዳል በሚለው ነው። ደግሞም ወደ ወንጌል ተመለስን። ጌታችን ስለ ጠፋው ልጅ ሲያስተምር (ሉቃ. ምዕ. 15) የእሪያዎቹን ምግብ፥ ቀለበቱን፥ ጫማውን፥ የሰባውን ፊሪዳ አንድ በአንድ ይጠራል፤ ታላቅ ወንድሙ ወደ ግብዣው ይግባ አይግባ ግን ሳይነግረን ያቆማል። ስንት ጊዜ ሰምተነው ይህን አላስተዋልንም ነበር።

አሁን ታሪካችንን እንደ አዲስ እየጻፍን ነው። ስሙን ያቺው የጠየቀችን ልጅ ምትኩ ብላ አውጥታለታለች። እናቱ ጨው እንዲገዛ ልካዋለች፤ እርሱ ግን ኳስ ሲያይ ቆሞ ዝናብ ይመጣል፥ በጋዜጣ የተጠቀለለውም ጨው በእጁ ላይ ይሟሟል። የመጨረሻውን የምክር ገጽ አውጥተን ጥለናል። እናቱ ባዶውንና እርጥቡን ወረቀት ስታይ ምን እንደምትል ግን እስካሁን አልተስማማንም፤ ሦስት ዓይነት ጽፈናል። በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስቱንም ለሕፃናቱ ድምፃችንን ከፍ አድርገን እናነብላቸዋለን፤ መጎነታተል የጀመሩበትን እንሠርዛለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።