ከመርፌው በፊት ወላጅ ጋ ድረሺ

እህቴ፣ ለማህፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባቱ ያወጣሽውን ዕቅድ አየሁት። ከስም ጠሪ መምህራኑ ሮስተር ላይ ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉትን ልጃገረዶች መዝግበሻል፤ ቀኑንም ቆርጠሻል። ጎበዝ! ወላጆች የሚሰሙበት ቀን ግን የታለ? እሱን ሳትጨምሪ የክትባት ካሪየርሽን ይዘሽ እንዳትወጪ።

እናት ልጇ መከተቧን የምትሰማው ማታ ከልጅቷ አፍ ከሆነ፣ በማግሥቱ «ሊያመክኗቸው ነው» የሚል ወሬ ቀበሌውን ያዳርሰዋል። ከዚያ ወዲያ ልጆቹ በክትባት ቀን ትምህርት ቤት ድርሽ አይሉም። ስለዚህ ቀደም ብለሽ ርዕሰ መምህሩ የወላጅ ስብሰባ እንዲጠራልሽ ጠይቂ፤ የገበያ ቀን እንዳይሆን ብቻ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ዓርብ ከጁምዓ በኋላም ቄሱንና ሼሁን አስፈቅደሽ ተናገሪ።

ስትናገሪ ነገሩን አትሸፋፍኚው። የማህፀን በር ካንሰር በአገራችን ሴቶችን ከሚያጠቁ ካንሰሮች ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሁለተኛው ነው። የሚያመጣው ኤች ፒ ቪ የሚባል ቫይረስ ነው፤ ክትባቱ በልጅነት የሚሰጠውም ለቫይረሱ ሳይጋለጡ በፊት ከወሰዱት ይበልጥ ስለሚከላከል ነው። «ያመክናል ወይ?» ብለው ሲጠይቁሽ አትቆጪ። አያመክንም፤ እንዲያውም ነገ ማህፀኗን ከሚያሳጣት በሽታ ይጠብቃታል በያቸው። የራስሽ እህት ተከትባ ከሆነ እሱንም ንገሪያቸው፤ ግድግዳ ላይ ከሚለጠፈው ፖስተር ይልቅ ያንን ያምናሉ።

ክትባቱ በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር ለ14 ዓመት ልጃገረዶች፣ በስድስት ወር ልዩነት ሁለት ጊዜ ነበር የሚሰጠው። ሁለተኛው ዙር እስኪደርስ ትምህርት ያቋረጠችም፣ የተዳረችም፣ ሥራ ፍለጋ ከተማ የገባችም ትጎድል ነበር። በ2017 ዓ.ም. ከተካሄደው የክትባት ዘመቻ ወዲህ ግን አንድ መርፌ ይበቃል። ይህ ላንቺም ለልጆቹም ትልቅ እፎይታ ነውና ያቺን አንድ ቀን በደንብ ተዘጋጂባት።

ጠዋት ከመውጣትሽ በፊት አይስ ፓኩን ወዝውዢው። ውስጡ ውኃ ሲንቦጫረቅ ካልሰማሽ ገና ድንጋይ ነውና ክትባቱን አጠገቡ አታስቀምጪ፤ ይህ ክትባት በረዶ ከሠራ ይበላሻል። ልጆቹ ቁርስ በልተው እንዲመጡ ከዋዜማው አስነግሪ፤ በጾም ወቅት ከሆነ ሰዓቱን ከወላጆች ጋር ተመካከሪበት። መርፌውን ለብቻው ባለ ክፍል ውስጥ ስጪ፤ ተራ የሚጠብቁት እንዳያዩ። የተከተበችዋን 15 ደቂቃ አስቀምጠሽ ተከታተያት። አንዷ በድንጋጤ ራሷን ከሳተች ሌሎቹም ይከተላሉ፤ የዚያን ቀን ሥራም አበቃለት።

ደግሞ ሮስተር ላይ ያሉት የቀበሌው ልጆች በሙሉ አይደሉም። ከብት የምትጠብቅ አለች፤ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ አለች። ትምህርት ቤት ካልገባችው ልጅ በላይ ቶሎ የምትዳር የለችምና ክትባቱ ከሁሉም በላይ ለእሷ ያስፈልጋታል። እነዚህን የሚያውቁልሽ ተማሪዎቹ ናቸው። እያንዳንዷን ስትከትቢ «በሰፈራችሁ የማትማር እኩያሽ ማን አለች?» ብለሽ ጠይቂያትና ስሟን ከነጎጧ መዝግቢ። በሚቀጥሉት ቀናት እነሱን ቤታቸው ድረስ ሄደሽ ከትቢ፤ በክትባቱ ዕለት የቀሩትንም አብረሽ ፈልጊ። ሪፖርትሽን ከዚያ በኋላ ዝጊ።