አዲስ ምት ሲጨመር የቀድሞውን ማቆየት፦ አንድ ጠረጴዛ ለብዙዎች በሚሆንበት ስፍራ

ፑሽን በሚገባ የያዘ የጠረጴዛ ቴኒስ ተጫዋች ቶፕስፒን መማር ሲጀምር ፑሹ ሊበላሽበት ይችላል። አጭሯን ኳስ በመግፋት ፈንታ ወደ ላይ ይጠርጋታል፤ ኳሷም ከፍ ብላ ለተጋጣሚው ትመቻቻለች። ይህን በትኩረት ማነስ ብቻ መተርጎም ስሕተት ነው።

ሁለቱም ምቶች የሚመልሱት ወደ ኋላ እየተሽከረከረች የምትመጣን ኳስ ነው። በፑሽ የራኬቱ ፊት ወደ ላይ ከፈት ብሎ ከኳሷ ሥር ወደ ፊት ይገፋል፤ በቶፕስፒን ግን ራኬቱ ከታች ተነሥቶ ኳሷን እየጠረገ ወደ ላይና ወደ ፊት ይሄዳል። ለአንድ ምልክት ሁለት የተለያዩ ምላሾች ሲጠኑ አንዱ ሌላውን ማወኩ በትውስታ ጥናት የቆየ ግኝት ነው። ስለሆነም ክንድ ከመሠልጠኑ አስቀድሞ ዓይን ምልክቱን እንዲለይ ማድረግ ይገባል፦ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጊዜ ልትነጥር የምትችል አጭር ኳስ ለፑሽ፣ ከጠረጴዛው የምትወጣ ረጅም ኳስ ለቶፕስፒን።

የልምምዱ ቅደም ተከተልም ወሳኝ ነው። ሺ እና ሞርጋን እ.ኤ.አ. በ1979 እንዳሳዩት፣ የተለያዩ ተግባራትን እያቀላቀሉ የተለማመዱ ሰዎች በልምምዱ ወቅት ደካማ ቢመስሉም ከጊዜ በኋላ ሲፈተኑ የተሻለ አስታውሰዋል። ጉድ እና ማጊል በ1986 በባድሚንተን ሰርቭ ላይ ተመሳሳይ ውጤት አግኝተዋል። ይሁን እንጂ ቶፕስፒኑ ገና ቅርጽ ላልያዘለት ጀማሪ ወዲያው ማቀላቀል ግራ መጋባትን ብቻ ያተርፋል፤ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ለብቻው ቢለማመድ ይሻላል። በሁለት ተቃራኒ ትምህርቶች መካከል የሰዓታት ዕረፍት ያስፈልጋል የሚለው የ1996 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ግኝት ደግሞ በኋላ በተደረጉ ሙከራዎች ሁልጊዜ ስላልተደገመ፣ የሥልጠና መርሐ ግብር መሠረት ሊሆን አይገባም።

በጋምቤላ ክልል አኙዋ ዞን እንደምትገኘው ዲማ ባሉ ከተሞች ጠረጴዛው አንድ ብቻ ቢሆን፣ ተራ መጠበቅ እንደ ኪሳራ ይቆጠራል። ከላይ በተጠቀሱት ግኝቶች ሲታይ ግን ኪሳራው የሚታሰበውን ያህል አይደለም። ዐሥር ኳስ መትቶ የወረደ ተጫዋች በተመለሰ ቁጥር ምቱን እንደገና ከትውስታው መጥራት ይኖርበታል፤ ማቀላቀል የሚጠቅመውም በዚሁ መንገድ እንደሆነ ይገመታል። ሌላው ቀርቶ ተራ የሚጠብቁት አንዱ ኳስ እያቀበለ፣ ሌላው እየለቀመ፣ ሦስተኛው የኳሷን ርዝመት ድምፁን ከፍ አድርጎ እየተናገረ ሊማሩ ይችላሉ። በጥቂት ኳሶች ለሚሠራ ቡድን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ምዘናውም መለወጥ አለበት። በልምምዱ ማብቂያ ላይ፣ ክንድ በሞቀበት ሰዓት የሚወሰድ ቆጠራ አሰልጣኙን ያሳስታል። ከሁለት ቀን ዕረፍት በኋላ፣ ምቶቹ ሳይደገሙ፣ አጭርና ረጅም የተቀላቀሉ ሃያ ኳሶች ቢሰጡና ትክክለኛው ምት መመረጡ በአንድ ዐምድ፣ ኳሷ ጠረጴዛው ላይ ማረፏ በሌላ ዐምድ ቢመዘገብ፣ የጠፋው ምቱ ራሱ ይሁን ምርጫው ተለይቶ ይታወቃል።