ጣና ምን ዓይነት ቀለም አለው?
(ከደጅ ተቀምጦ አገርን ስለ መሣል)

ሐይቅ ሣል የተባለ ተማሪ ብዙውን ጊዜ እጁን የሚሰደው ወደ ሰማያዊው እርሳስ ነው። ተራራ ሣል ቢሉት ደግሞ ሁለት ጋድም መስመሮች አጋጥሞ ጫፋቸውን ያሾላል፤ ከኋላቸውም ክብ ፀሐይ አውጥቶ ጨረሯን እንደ ጃርት እሾህ ይበትነዋል። እንዲህ ያለው ሥዕል በየትኛውም አገር ቢሣል ያው ነው፤ የሐሙሲትን ምድር ከሌላ ምድር የሚለይ አንዳች ነገር የለበትም። እኔ በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው ከደጅ ወጥቶ፣ ከድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ፊት ለፊት የሚታየውን አገር በእርሳስና በውኃ ቀለም ስለ መሣል ነው። በርእሱ ላይ ያኖርሁትን ጥያቄ መልስ ወደ ኋላ እደርስበታለሁና አንባቢ ጥቂት ይታገሠኝ።

ከደጅ ሆኖ በቀለም መሣል በአውሮፓም ቢሆን እጅግ የቆየ ልማድ አይደለም። ቀድሞ ብዙዎቹ ሠዓልያን በሜዳ ንድፍ ብቻ ይዘው ይመለሱና ሥዕሉን በቤታቸው ይጨርሱት ነበር፤ የዘይት ቀለም በፊኛ ከረጢት ይያዝ ስለ ነበረ ለመንገድ አይመችም። እ.ኤ.አ. በ1841 ጆን ጎፍ ራንድ የተባለ አሜሪካዊ ሠዓሊ ቀለምን በቆርቆሮ ቱቦ፣ ማለት ዛሬ የጥርስ ሳሙና በሚታሸግበት ዓይነት ዕቃ፣ የማሸግ ዘዴ አወጣ፤ ከዚያ በኋላ ሠዓሊው ቀለሙን በኪሱ ይዞ ወደ ሜዳ መውጣት ቻለ። ከርሱ አስቀድሞ እንግሊዛዊው ጆን ኮንስታብል እ.ኤ.አ. በ1821 እና በ1822 በለንደን አጠገብ በሃምፕስቴድ ተቀምጦ ደመናን ብቻ በብዙ ወረቀት ሥሏል፤ በወረቀቶቹም ጀርባ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የነፋሱን ሁኔታ ይጽፍ ነበር። ፈረንሳዊው ክሎድ ሞኔ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1890 እና በ1891 በሚኖርበት መንደር አጠገብ የነበረውን ክምር ከሃያ በሚበልጡ ሸራዎች ላይ ሣለው። ክምሩ ያው ክምር ነው፤ የተለዋወጠው የሚወድቅበት ብርሃን ነበር።

ክምር ለማየት ግን ፈረንሳይ መሄድ አያስፈልገንም። በኅዳርና በታኅሣሥ ከሐሙሲት ወደ ወረታ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የጤፉና የሩዙ ክምር እንደ ጎጆ ተደርድሮ ይታያል።

በአገራችን ሥዕል ጥንታዊ ነው። በዘጌ በዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ በደቅ ደሴት ደግሞ በናርጋ ሥላሴ የሚገኙትን የግድግዳ ሥዕሎች ያየ ሰው ይህን ያውቃል። ዳሩ ግን ከቅዱሳኑ በስተ ኋላ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ቢጫ፣ ቀይና አረንጓዴ መደብ እንጂ አገር አይደለም። ይህ የሆነው ሠዓሊው ሐይቁን ሳያየው ቀርቶ አይመስለኝም፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ጥቂት ቢራመድ ውኃው ፊት ለፊቱ ነው። ሊያሳይ የፈለገው ቅዱሱን እንጂ ቦታውን ስላልነበረ ነው። ከዚያው ከዘጌ በ1860 ዓ.ም. የተወለዱት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በኢጣልያ በቱሪን ከተማ ሥዕል ተምረዋል፤ ሕዝብ ይበልጥ የሚያውቃቸው ግን በ1900 ዓ.ም. በሮማ ባሳተሙት ልብ ወለድ ነው። በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ መሥራቹ አለ ፈለገ ሰላም በአሜሪካ በቺካጎ ተምረው የተመለሱ ሠዓሊ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ሥዕል እንደ ሌላው ትምህርት ሁሉ በሥርዓት የሚጠና ነገር ሆኗል።

ዕቃው ጥቂት ነው። ጠንከር ያለና ለስለስ ያለ ሁለት እርሳስ፣ ላጲስ፣ ወረቀቱን የሚደግፍ ካርቶን፣ አንድ ሳጥን የውኃ ቀለም፣ ብሩሽና በጠርሙስ የተያዘ ውኃ ይበቃል። ነጭ ቀለም መግዛት አያስፈልግም፤ የገበያተኛውን ነጭ ጋቢ ለማሳየት ወረቀቱን ሳይቀቡ መተው ነው። ወረቀቱም ፀሐይ እንዳይመታው በራስ ጥላ ውስጥ መያዝ ይገባል፤ አለዚያ ዓይን ይፈዝዝና ቀለሙ ሁሉ ከሚገባው በላይ ይጠቁራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እመለሳለሁ። ሐሙሲት ለዚህ ትምህርት ሆን ተብላ የተቀመጠች ትመስላለች። በስተ ምዕራብ ጣና አለ፤ በስተ ምሥራቅ ምድሩ ወደ እስቴና ወደ ጉና እየተደራረበ ይወጣል። ስለዚህ ጧት ፊቱን ወደ ጣና ያዞረ ሰው ፀሐይ በጀርባው ናትና ሜዳው፣ ዛፉ፣ ደንገሉ ሁሉ በየቀለሙ ፍንትው ብሎ ይታየዋል፤ ጥላው ግን ከነገሩ ኋላ ስለሚሸሸግ ሥዕሉ ጠፍጣፋ ይሆንበታል። በዚያው ሰዓት ወደ ምሥራቅ ቢዞር ሸንተረሮቹ ፀሐይን ከኋላቸው አድርገው አንዱ ካንዱ በላይ እንደ ተደረደረ መጋረጃ ይቆማሉ። ወደ ማታ ሁሉም ይገለበጣል፤ ተራሮቹ በፊታቸው ይበራሉ፣ ጣና ያንጸባርቃል። ብዙ መጻሕፍት ለጀማሪ የሚመክሩት ፀሐይን በጎን አድርጎ መቀመጥን ነው። እኔ ግን ጧት ወደ ምሥራቅ፣ ማታ ወደ ምዕራብ መዞርን እመርጣለሁ፤ ፀሐይ ከኋላው ያለች ነገር ዝርዝሩ ይጠፋና ዋናው ቅርጹ ብቻ ይቀራልና።

ሰዓቱም አይጠብቅም። ፀሐይ በአንድ ሰዓት ውስጥ 15 ዲግሪ ትሄዳለች። ሌሊቱና ቀኑ እኩል በሚሆኑበት ወራት ፀሐይ ከወጣች አንድ ሰዓት ሲሆናት የዛፉ ጥላ ከቁመቱ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል፤ በሁለት ሰዓት ሁለት እጥፍ ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል፤ በሦስት ሰዓት ከቁመቱ ጋር ይተካከላል። እንግዲህ ሥዕል የጀመረ ሰው አስቀድሞ የጥላውን ዳር በእርሳስ ካላሠረ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሚያየው ሌላ አገር ነው። እኛ ያለነው ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ12ኛው ዲግሪ አጠገብ ስለ ሆነ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ይኸውም ሚያዝያ 13 እና ነሐሴ 15 ገደማ፣ በቀትር ከአናታችን ላይ ትውላለች፤ የቆመ ዘንግ በዚያች ደቂቃ ጥላ የለውም። በነዚህ በሁለቱ ቀኖች መካከል ደግሞ የቀትር ፀሐይ የምታልፈው በስተ ሰሜን በኩል ነው። ከውጭ አገር የመጡ መጻሕፍት «የሰሜን ብርሃን ቀኑን ሙሉ አይለዋወጥም» የሚሉት ለነሱ አገር እውነት ነው፤ ለእኛ ግን ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ አይሠራም።

ቀጥሎ የሚመጣው የርቀት ነገር ነው። ሩቅ ተራራ የሚሰማይበት ምክንያት ራሱ ሰማያዊ ስለ ሆነ አይደለም፤ በእኛና በርሱ መካከል ያለው አየር የፀሐይን ብርሃን፣ ከሁሉም ይልቅ ሰማያዊውን ክፍል፣ ስለሚበትነው ነው። ይህን ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ (እ.ኤ.አ. 1452–1519) አስተውሎ ለሠዓልያን ጽፎታል። ስለዚህ በውኃ ቀለም የሚሥል ሰው የሩቁን ሸንተረር በብዙ ውኃ አቅጥኖ በመጀመሪያ ይቀባል፤ እስኪደርቅ ቆይቶ ቀጣዩን ጠቆር አድርጎ ይጨምራል፤ የቅርቡን ቁልቋልና ግራር በመጨረሻ በወፍራም ቀለም ያስቀምጣል። ሩቁን ተራራ ያጠቆረ ሰው ሳያውቀው ተራራውን ወደ ደጁ አምጥቶታል። ወራቱም ይለያያሉ። በመስከረም ዝናሙ አየሩን አጥቦት ስለሚሄድ ሩቁ ቅርብ ይመስላል፤ ኑጉና አደይ አበባው በቢጫ ሲያብቡ ደግሞ የቅርቡ ምድር ከሰማዩ ይልቅ የሚያበራበት ጊዜ አለ። በመጋቢት ግን አቧራና የእርሻ ጭስ ይነሣል፤ ሸንተረሮቹ ይነጡና የመጨረሻዎቹ ፈጽመው ይጠፋሉ። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ራስ ላይ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው አምስት እጅ ሦስቱን ያህል ብቻ ስለ ሆነ ሰማዩ የጠለቀ ሰማያዊ ነው፤ የጅባራው ጥላም በምላጭ እንደ ተቆረጠ ይሆናል።

ወደ ጣናም ደረስን። ጣና ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ ሳለ ጥልቀቱ 15 ሜትር አይሞላም። ስለዚህ ነፋስ በተነሣ ቁጥር ከሥሩ ያለው ደለል ይታወካል፤ በክረምትም ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ከየተራራው ያጠቡትን አፈር ያመጡበታል። ከዳሩ ቆሞ ወደ እግሩ የሚመለከት ሰው የሚያየው ውኃ የሸክላ መልክ ያለው ነው። ሆኖም ዓይኑን ቀስ በቀስ ወደ ሩቅ ቢያነሣ ቀለሙ እየተለወጠ ይሄዳል፤ ውኃን ከላይ ወደ ታች ስናየው የውስጡን፣ በአግድም ስናየው ግን እንደ መስተዋት የሰማዩን መልክ ይሰጠናልና። እንግዲህ አንዱ ውኃ በአንድ ሰዓት ቢያንስ ሁለት ቀለም አለው፤ ከቅርብ የአፈሩን፣ ከሩቅ የሰማዩን። ሰማዩ ቢዳምን ሩቁ ግራጫ ይሆናል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ይቀላል። በውኃው ላይ የሚታየው የታንኳ ምስልም ከታንኳው ጋር አንድ ዓይነት አይደለም፤ ብሩህ የሆነው ነገር በውኃው ጠቆር፣ ጥቁሩ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ፈካ ብሎ ይታያል። ሰማያዊውን እርሳስ በሳጥኑ ውስጥ ትቶ ዳር ለዳር አንድ ሰዓት የተቀመጠ ሰው ይህን ሁሉ ያለ አስተማሪ ያገኘዋል።

ወረቀት ይዞ አገር የሚመለከት ሰው በገጠር በመጀመሪያ የሚመስለው ቀያሽ ነው። አንድ ቀን በኮረብታ ግርጌ ተቀምጬ በዙሪያው ደን ያለውን ቤተ ክርስቲያን ስሥል አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ቆሙና «ልጄ፣ መሬት ልትለካ ነው?» አሉኝ። «የለም አባቴ፣ እየሣልሁ ነው» ብዬ ወረቀቱን አሳየኋቸው። አጥብቀው ተመለከቱትና «ደኑን እንዳለ አድርገኸዋል። በልጅነቴ ግን እስከዚያ ወንዝ ይወርድ ነበር» ብለው በበትራቸው አመለከቱኝ። እርሳቸው ባሳዩኝ ቦታ በወረቀቱ ላይ በነጠብጣብ መስመር አሰመርሁበት። በደቡብ ጎንደር ከቀረው የአገር በቀል ደን አብዛኛው የሚገኘው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነው፤ ከሩቅ ሲያዩት በቢጫው አዝመራ መካከል እንደ ጥቁር ክብ ማኅተም ይመስላል። የቀረው ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ነው፤ እርሱን ለመሣል ቀጭን የቆመ መስመርና አመድማ አረንጓዴ ይበቃል።

«ስልክ ፎቶግራፍ ያነሣ የለምን?» የሚለኝ ጓደኛ አልጠፋም። ያነሣል። ነገር ግን የብዙዎቹ ስልኮች መነጽር ሰፊ ስለ ሆነ ሩቁን ተራራ አሳንሶ ጉብታ ያደርገዋል፤ ቀለሙንም በራሱ እያሳመረ ሸክላማውን ጣና ወደ ሰማያዊነት ይወስደዋል። ደግሞም ስልኩ ያ ሽማግሌ በበትራቸው ያሳዩኝን ደን ሊያነሣ አይችልም።

ይህን የምለው አገሩ በዓይናችን ፊት ስለሚለወጥ ነው። የፎገራ ሜዳ ቀድሞ የከብት ግጦሽ ነበር፤ ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ሩዝ ስለ ገባበት በነሐሴ መስተዋት፣ በኅዳር ወርቅ ይመስላል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ደግሞ እንቦጭ የተባለው የደቡብ አሜሪካ አረም በጣና ላይ ተንሰራፍቷል። እውነቱን ለመናገር አበባው ፈዘዝ ያለ ወይን ጠጅ ሆኖ ከአረንጓዴው ጋር ለሠዓሊ ዓይን ያማረ ነው፤ ከሥሩ መረቡን መጣል ያቃተውን ዓሣ አጥማጅ ያየ ግን በሥዕሉ መደሰት ይቸግረዋል። ዳሩም ራሱ አይቆምም፤ የሐይቁ ከፍታ በመስከረምና በግንቦት መካከል ከአንድ ሜትር በላይ ይለያያል፤ በለጥ ባለ ሜዳ ላይ ያ አንድ ሜትር ብዙ እርምጃ ነው።

ስለዚህ መሣል የሚፈልግ የክፍል ጓደኛ ካለ የማይነቃነቅ ድንጋይ ወይም ዋርካ ይምረጥና በጥቅምት አንድ ጊዜ፣ በግንቦት አንድ ጊዜ ከዚያው ቦታ ይሣል፤ እንደ ኮንስታብልም ከጀርባው ይጻፍበት። በፎገራ በኩል ካለው ዳር ከሣልኋቸው የሁለቱ ጀርባ እንዲህ ይላል፦

«ጥቅምት 20። ከጧቱ 1 ሰዓት ተኩል። ነፋስ የለም። ደመና በምሥራቅ ብቻ። የቅርቡ ውኃ ሸክላ፣ የሩቁ ሰማይ። እንቦጩ ከድንጋዩ 40 እርምጃ።»

«ግንቦት 11። ከቀኑ 11 ሰዓት። ነፋስ ከሐይቁ። ውኃው ሁሉ ሸክላ። ዳሩ ከድንጋዩ 90 እርምጃ ሸሽቷል፤ በመካከሉ ከብት ይግጣል።»