ለጀልባ ጥገና የሚሆን እንጨት አመራረጥ

የዛሬው የእጅ ሥራ ትምህርታችን ስለ እንጨት ነው። ከትምህርቱ በኋላ ተማሪው ለጀልባ ጥገና የሚሆነውን እንጨት ከማይሆነው መለየት ይችላል።

የጣና ሐይቅ ታንኳ ከደንገል እንደሚሠራ ወላጆቻችሁ ነግረዋችሁ ይሆናል። ደንገል ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ስለዚህ ታንኳው በፀሐይ ይደርቃል፣ ሲያረጅም በአዲስ ይተካል። የእንጨት ጀልባ ግን ውድ ነው፤ የተበላሸው ክፍል ብቻ ተቆርጦ ይጠገናል። ጠጋኙ «የተገኘው እንጨት ይበቃል» ማለት አይችልም። መጥፎ ሳንቃ ቤት ውስጥ ቢገባ በር ያጣምማል፤ ጀልባ ላይ ቢገባ ሰው ያሰጥማል።

1ኛ. ጉዳቱን መርምሩ። እንጨቱን በቢላ ጫፍ ውጉት። ጤነኛ እንጨት ቢላውን ይመልሳል። የበሰበሰው ግን ቢላውን ያስገባል፣ እንደ ደረቅ ዳቦም ይፈረፈራል። የሚያበሰብሰው ፈንገስ እርጥበትና አየር ይፈልጋል፤ ስለዚህ የዝናብ ውኃ የሚያቁርበትን ጥግ አስቀድማችሁ እዩ። ጤነኛው እንጨት እስኪገኝ ድረስ የበሰበሰውን ቁረጡ።

2ኛ. ዓይነቱን ምረጡ። ዝግባ ለሥራ ይመቻል፤ ነገር ግን እርጥበት ባለበት ቶሎ ይበሰብሳል። የሐበሻ ጥድ መበስበስንና ምስጥን ይቋቋማል፤ ሆኖም በቀላሉ ስለሚሰነጠቅ ከምስማሩ በፊት በመሰርሰሪያ መብሳት ያስፈልጋል። ወጣት ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል። ኬንያውያን ምቩሌ የሚሉት ዛፍ ውኃን በደንብ ስለሚችል ለሳንቃ ተፈላጊ ነው። ከማንኛውም ግንድ የመሃሉን ጠቆር ያለ ክፍል ውሰዱ፤ በቅርፊቱ በኩል ያለው ነጣ ያለ ክፍል ቶሎ ይበሰብሳል።

3ኛ. ጭረቱን ተከተሉ። ለሳንቃ ጭረቱ ቀጥ ያለ፣ ትልቅ ጉጥ የሌለበት እንጨት ይፈለጋል። የጀልባው ጎድን ግን ጎባጣ ነው። በኬንያ ጠረፍ፣ በላሙ፣ ጀልባ ሠሪዎች ለጎድን በተፈጥሮው የጎበጠ እንጨት ይመርጣሉ። ቀጥ ያለውን እንጨት ጠርበው ቢያጎብጡት ጭረቱ ስለሚቆረጥ፣ ማዕበል ሲመታው እዚያው ላይ ይሰበራል።

4ኛ. ድርቀቱን ለኩ። ከሳንቃው ትንሽ ቆርጣችሁ መዝኑ። ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም በምድጃ ሙቀት አድርቃችሁ እንደገና መዝኑ። ምሳሌ፦ መጀመሪያ 230 ግራም፣ ከደረቀ በኋላ 200 ግራም ቢሆን፣ የጠፋው ውኃ 30 ግራም ነው። 30 ለ200 ተካፍሎ በ100 ሲባዛ 15 በመቶ ይሆናል። ይህ ለጀልባ ተስማሚ ነው። ከ20 በመቶ በላይ ከሆነ እንጨቱ ገና እርጥብ ነው፤ ፈንገስም ይመቸዋል።

5ኛ. መጋጠሚያውን አርዝሙ። አዲሱ ሳንቃ ከአሮጌው ጋር በሰያፍ ተቆርጦ ይገጠማል። የሰያፉ ርዝመት ቢያንስ የሳንቃው ውፍረት 8 እጥፍ ይሁን። ውፍረቱ 3 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ሰያፉ 24 ሳንቲ ሜትር ነው። በሰያፉ ላይ ማሳጠር ጀልባውን ማዳከም ነው።

በኪሌሌሽዋ የምትኖሩ ተማሪዎች ባሕር ባታዩም መማሪያ አላችሁ። በሰፈሩ አጠገብ ያለው የናይሮቢ አርቦሬተም በ1907 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ለባቡር ማገዶ የሚሆኑ ፈጥነው የሚያድጉ ዛፎችን ለመሞከር ነበር። ዛሬ ከ350 በላይ የዛፍ ዓይነቶች ይገኙበታል። ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ በአገር ቤት የምታውቁትን ዛፍ ስታገኙ ስሙንና ጥቅሙን ንገሯቸው። ቅርፊት መላጥና ቅርንጫፍ መቁረጥ ግን ክልክል ነው። ከእናንተ መካከል አናጢ የሆነ ካለ፣ የሚያውቀውን ለልጆቹ ቢያሳይ ይህ ገጽ ከሚሰጠው ይበልጣል።

የመልመጃ ጥያቄዎች
ሀ. ዝግባ ለጀልባ ሳንቃ የማይመረጠው ለምንድን ነው?
ለ. እንጨቱ መጀመሪያ 250 ግራም፣ ከደረቀ በኋላ 200 ግራም መዘነ። እርጥበቱ ስንት በመቶ ነው? ለጥገና ይሆናል?
ሐ. የሳንቃው ውፍረት 4 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ሰያፉ ቢያንስ ስንት ይሆናል?