ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምና ስለ ዐቃቤ ሰዓት ሹመት

ቤተ ክህነትና ቤተ መንግሥት በአንድ ሀገር ጎን ለጎን የሚኖሩ እንደ መሆናቸው መጠን፥ አንዱ ለሌላው ምን ያህል ይቅረብ የሚለው ጥያቄ በክርስቲያን ዓለም ሁሉ ሲያከራክር የኖረ ነው። ጌታችን ስለ ቄሣር ዲናር በተጠየቀ ጊዜ የሰጠው መልስ ለሁለቱም ድርሻቸውን ለይቶላቸዋል፤ ዳሩ ግን ድርሻው በቃል የተለየውን ያህል በኑሮ ተለይቶ አልተገኘም። ስለዚህ በዚህ ትምህርታችን የነገሩን ታሪክ ከውጭ ሀገር በአጭሩ፥ ከሀገራችን ግን በሰፊው አንሥተን፥ ለካህናትና ለምእመናን የሚሆነውን ምክር ከውስጡ ለማውጣት እንሞክራለን። ዓመታቱንም ስለ አውሮፓ ስንናገር በፈረንጆች፥ ስለ ሀገራችን ስንናገር በእኛ አቆጣጠር እንጽፋለን።

፩. መስፍን ስለ ሆነው ጳጳስ

በምዕራብ አውሮፓ፥ በሮማ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ዘንድ፥ ጳጳሱ ራሱ የሀገር ገዥ የሆነባቸው ብዙ ግዛቶች ነበሩ። ከእነርሱም አንዱ ዛሬ በቤልጂግ መንግሥት ውስጥ የሚገኘው ልዬዥ ነው። በ985 ዓ.ም. ጳጳሱ ኖትገር ከጀርመን ቤተ መንግሥት የሁዊን አውራጃ በስጦታ ተቀበለ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ የልዬዥ ጳጳስ በአንድ እጁ መስቀል፥ በሌላው እጁ ሰይፍ የያዘ ሆነ፤ ግብር ያስገብራል፥ ዳኝነት ያያል፥ ጦር ያሰልፋል። ግዛቱ በፈረንሳይና በጀርመን መካከል ያለ መተላለፊያ ስለ ነበረ፥ የኃያላኑ ጠብ ሁልጊዜ በደጁ ያልፍ ነበር። በ1468 ዓ.ም. የቡርጎኝ መስፍን ሻርል ከተማውን አጠፋው። በኋላም በ1492 ዓ.ም. ጎረቤቶቹ ከማንም ወገን እንዳይሆን ቢፈቅዱለት፥ ወታደሮቻቸው መሬቱን ከመርገጥ አልተቈጠቡም።

ፍጻሜው ግን ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምር ነው። በ1789 ዓ.ም. ሕዝቡ በጳጳሱ አገዛዝ ላይ ተነሣ፤ ከ1794 ዓ.ም. ጀምሮ የቅዱስ ላምበርት ካቴድራል ድንጋይ በድንጋይ ፈረሰ፤ በ1795 ዓ.ም. አገሩ ወደ ፈረንሳይ ተቀላቀለ። በዚህ ነገር ልብ እንበል። ገዥውና ጳጳሱ አንድ ሰው ስለ ነበሩ፥ ገዥውን የጠላ ሕዝብ መቅደሱንም ጠላው፤ ግብሩንና መሥዋዕቱን ለይቶ ማየት ተሳነው።

፪. ስለ ሐይቅ ገዳም መነሻ

በሀገራችን ጳጳስ ሆኖ ሀገር የገዛ የለም፤ ጳጳሱም ለረጅም ዘመን ከእስክንድርያ የሚመጣ እንግዳ ነበረ። ይሁን እንጂ ከቤተ መንግሥት ሥልጣን የተካፈለ የገዳም አለቃ ነበረን፤ እርሱም የሐይቅ እስጢፋኖስ አለቃ ዐቃቤ ሰዓት ነው። ይህ ገዳም ከምንኖርበት ከቢስቲማ ሩቅ አይደለም፤ ወረባቦና የሐይቅ ከተማ የሚገኝበት ተሁለደሬ አጎራባቾች ናቸውና። በበዓል ቀን ወደ ገዳሙ የምንወርድ ሁሉ ባሕሩን እንጂ ታሪኩን ሳናይ እንዳንመለስ ይህን ጽፈናል።

የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን በ9ኛው መቶ ዓመት፥ በንጉሥ ድልነዓድ ዘመን፥ እንደ ተተከለ አበው በትውፊት ይናገራሉ። የመነኮሳቱን ማኅበር አቋቁሞ ገዳሙን የትምህርት ምንጭ ያደረገው ግን አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ነው። እርሱ በዳህና ተወልዶ፥ በደብረ ዳሞ በአባ ዮሐኒ እጅ መንኩሶ፥ መጻሕፍት በመጻፍ ሠልጥኖ፥ በ13ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወደ ሐይቅ መጣ። የአቡነ ተክለ ሃይማኖትና የዳጋው አቡነ ኂሩተ አምላክ መምህር እርሱ ነው። በ1273 ዓ.ም. ገደማ ለገዳሙ የሰጠው ወንጌል የራሱ ሥዕል ያለበት ሲሆን፥ በባዶ ገጾቹ ላይ በየዘመኑ የተጻፉት መዛግብት የገዳሙን መጻሕፍት ዝርዝር ሳይቀር አቆይተውልናል።

፫. ስለ ኪዳኑና ስለ ሹመቱ

በዚያ ዘመን በላስታ የዛጔ ነገሥታት፥ በአምሐራ ደግሞ ይኩኖ አምላክ የሚተያዩበት ጊዜ ነበረ፤ ገዳሙም የሚገኘው በአምሐራ ምድር ነው። እንደ ገድለ ኢየሱስ ሞዐ ትረካ፥ ይኩኖ አምላክ በሐይቅ ተምሮ ስለ ነበር፥ በ1262 ዓ.ም. መንግሥቱን በያዘ ጊዜ ለመምህሩ ኪዳን ገባለት፤ የገዳሙም አለቃ ዐቃቤ ሰዓት ተብሎ በቤተ መንግሥት ስፍራ ተሰጠው። የደብረ ሊባኖስ ወገን ትውፊት ግን መንግሥቱን ለሰሎሞን ዘር የመለሰና ለቤተ ክርስቲያን ሲሶ መንግሥት የተቀበለ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ነው ይላል። መምህሩና ደቀ መዝሙሩ በሰማይ አንድ ሲሆኑ፥ የልጆቻቸው ልጆች በምድር ስለ ክብር ተከራከሩ። ይህም ምድራዊ ክብር በወንድማማቾች መካከል እንኳ ምን ያህል እንደሚያለያይ ያሳያል።

የሹመቱ ስም ግን መልካም ነው። በግእዝ ዐቀበ ማለት ጠበቀ ማለት ስለ ሆነ፥ ዐቃቤ ሰዓት የሰዓት ጠባቂ ማለት ነው። ንጉሡ የሚጸልይበትንና ባለ ጉዳይ የሚያይበትን ጊዜ የሚጠብቅ፥ በጆሮውም ምክር የሚያኖር መነኩሴ ነው። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ዐቃቤ ሰዓት ዐምኃ ጽዮን ለንጉሡ ቅርብ ከነበሩት ጥቂት ሰዎች አንዱ ነበረ። በ1471 ዓ.ም. ሕፃኑ ዐፄ እስክንድር በነገሠ ጊዜም፥ ዐቃቤ ሰዓት ተስፋ ጊዮርጊስ ከንግሥት ሮምናና ከብትወደድ ዐምደ ሚካኤል ጋራ በሞግዚትነት መንግሥቱን ከያዙት አንዱ ሆነ። ሰዓት እንዲጠብቅ የተሾመው መነኩሴ መንግሥት ጠባቂ ሆነ ማለት ነው።

፬. ገዳሙ ወህኒ ስለ ሆነበት ዘመን

የሥልጣኑ ሸክም ከሁሉ በላይ የታየው በዐፄ ዳዊት ዘመን ነው። የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ልጆች ቀዳሚት ሰንበት እንደ እሑድ ትከበር ብለው ያስተምሩ ነበር፤ ጳጳሱ አባ በርተሎሜዎስ የእስክንድርያን ሥርዓት ይዞ ተቃወማቸው። በ1392 ዓ.ም. ገደማ የደብረ ቢዘን አለቃ አባ ፊልጶስ ወደ ንጉሡ ተጠርቶ ትምህርቱን አልለውጥም ባለ ጊዜ ወደ ሐይቅ ተወስዶ ታሰረ፤ በዚያን ጊዜ ዐቃቤ ሰዓቱ ሠረቀ ብርሃን ነበረ። ከአራት ዓመት ያህል በኋላ ንጉሡ እንዲፈታ አዘዘ፤ ተከታዮቹም ሰንበታቸውን እንዲያከብሩ ተፈቀደላቸው። በ1442 ዓ.ም. ደግሞ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ የሁለቱ ሰንበታት መከበር ለቤተ ክርስቲያኒቱ በሙሉ ተወሰነ።

እንግዲህ እናስተውል። ኢየሱስ ሞዐ ቀለም በጥብጦ ያስተማረበት ስፍራ፥ መቶ ዓመት ያህል ቈይቶ መነኩሴ መነኩሴን የሚጠብቅበት ወህኒ ሆነ። ታሳሪው የያዘው ትምህርትም ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሁሉ ትምህርት ሆኖ ተገኘ። ዐቃቤ ሰዓቱ ለቤተ መንግሥት ቅርብ ባይሆን ኖሮ፥ ክርክሩን በመጽሐፍ እንጂ በእስራት ባልተካፈለ ነበር።

፭. ስለ ፈተናውና ስለ ሹመቱ መጨረሻ

ከ1512 ዓ.ም. ጀምሮ ስድስት ዓመት ያህል በሀገራችን የተቀመጠው የፖርቱጋል ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ ሐይቅን አይቶ፥ ገዳሙ በደሴት ላይ እንደ ነበረና ብዙ መነኮሳት እንደ ነበሩበት ጽፏል። ጥቂት ቈይቶ በ1524 ዓ.ም. ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም አምሐራን ያዘ፤ ታላቁ መካነ ሥላሴም ተቃጠለ። ጦሩ ወደ ሐይቅ በደረሰ ጊዜ መነኮሳቱ የነገሥታት ስጦታ የነበረውን ወርቅና ንዋየ ቅድሳት አስረክበው ቤተ ክርስቲያናቸው እንዳይቃጠል ተዋዋሉ። ያን ያህል ነገሥታት የሰበሰቡት ሀብት በአንድ ጊዜ ሄደ፤ የኢየሱስ ሞዐ ወንጌል ግን ቀረ።

ከዚያም በኋላ የአካባቢው ሕዝብ በብዛት እስልምናን ተቀበለ፤ ቤተ መንግሥቱም ወደ ጣና አገር ሄደ። ዐቃቤ ሰዓት የሚለው ስም ከገዳሙ ርቆ በጎንደር የቤተ መንግሥት ማዕርግ ሆነ፤ የመነኮሳት ሁሉ አለቅነት ግን የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ ሆነ። ማዕርጉም ባለቤቱን ከሞት አላዳነውም፤ በ1763 ዓ.ም. ዐቃቤ ሰዓት አባ ሰላማ በመሳፍንቱ ጠብ ውስጥ ገብቶ በራስ ሚካኤል ስሑል ትእዛዝ በጎንደር ተሰቀለ። በመጨረሻም በ1967 ዓ.ም. የካቲት ወር የገጠር መሬት በዐዋጅ የሕዝብ ሀብት ሲሆን፥ ሲሶ መንግሥት ይባል የነበረው የቤተ ክርስቲያን ርስት ሁሉ አከተመ።

፮. ከታሪኩ የምንማረው

አንደኛ፥ የልዬዥና የሐይቅ ልዩነት ይህ ነው። በልዬዥ ጳጳሱ ራሱ መንግሥት ስለ ነበረ፥ መንግሥቱ ሲወድቅ መቅደሱ አብሮ ወደቀ። በሐይቅ ገዳሙ ከመንግሥት ተካፈለ እንጂ መንግሥት አልሆነም፤ ስለዚህ የተካፈለው ሁሉ ሲወሰድበት እርሱ ራሱ ቀረ። ወርቁ ሄደ፥ ሹመቱ ሄደ፥ ርስቱ ሄደ፤ ቅዳሴውና መጽሐፉ ግን አሉ።

ሁለተኛ፥ ካህን ለገዥ ምክር ይሰጣል፥ ይጸልይለታል፥ ሲያጠፋም ይገሥጸዋል፤ የወህኒ ቤቱን ቁልፍ ግን አይቀበልለትም። የአባ ፊልጶስ እስራት ለዚህ በቂ ምስክር ነው። ዛሬም አንዱ ወገን በሌላው ላይ ሲነሣ፥ በመስቀሉ የአንዱን ጦር ብቻ የሚባርክ ካህን የሌላውን ወገን ልጆች ከንስሐ ደጅ እየመለሰ መሆኑን ይወቅ።

ሦስተኛ፥ እኛ በዚህ አገር የምንኖር ክርስቲያኖች ከሙስሊም ጎረቤቶቻችን ጋራ በገበያና በለቅሶ የተሳሰርን ነን። በዙሪያው የክርስቲያን ንጉሥ ጦር ያልነበረባቸው ረጅም ዘመናት አልፈው ገዳሙ ዛሬም አለ። ስለዚህ ገዳምን የሚያጸናው የጦር ብዛት እንዳይመስለን፤ የመነኮሳቱ ትጋትና ከጎረቤት ጋራ የሚኖር ሰላም ነው።

አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ኅዳር 26 ቀን ሲታሰብ፥ ንጉሥ አንጋሽነቱን ብቻ ሳይሆን፥ ብርዕ ቀርጾ ብራና ዳምጦ ሕዝብ ማስተማሩን እናስብ። ሰዓትን መጠበቅ ለሁላችን የተሰጠ ሹመት ነው፤ የጸሎቱን ሰዓት፥ የትምህርቱን ሰዓት፥ የዕርቁን ሰዓት የሚጠብቅ ካህን፥ ቤተ መንግሥት ባይሾመውም ዐቃቤ ሰዓት ነው። የጻድቁ በረከት ከሁላችን ጋራ ይሁን፤ አሜን።