ከርከሮንና የዱር አሳማን ከበቆሎ ማሳ ለመከላከል፦ የጠመንጃ አጠቃቀምና የአተኳኮስ ትምህርት

በጅማ፣ በኢሉ አባ ቦር፣ በከፋና በወለጋ ጫካ አጠገብ በቆሎ የሚዘራ ገበሬ ማሳውን በዓመት ሁለት ጊዜ ይጠብቃል። የመጀመሪያው ዘሩ መሬት ውስጥ እንዳለ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከእሸት እስከ አጨዳ ያለው ረጅም ጊዜ ነው። ጥበቃው ቀላል ሥራ አይደለም። አባወራው ሌሊቱን ማማ ላይ ያድራል፤ ወባ ይይዘዋል፤ ቀን ደግሞ ልጁ ከትምህርት ቤት ቀርቶ ይተካዋል። በመጨረሻ ጠመንጃ ያለው ጎረቤት ይጠራል። ችግሩ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው፤ ጠመንጃ የያዘ ሰው ሁሉ ተኳሽ አይደለምና። ጥይቱ ይባክናል፣ እንስሳው ቆስሎ ያመልጣል፣ ከዚህ የከፋው ደግሞ በወዲያኛው ማሳ የሚጠብቀው ሰው ይመታል። ይህ ጽሑፍ የልማት ጣቢያ ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት የጥበቃ ቡድን ሲያደራጁ እንዲጠቀሙበት የተዘጋጀ ነው።

እንስሳቱን ለይቶ ማወቅ

በብዙ ቦታ ሁለቱም በአንድ ስም ከርከሮ ሲባሉ ይሰማል፤ ጠባያቸው ግን የተለያየ ስለሆነ ለጥበቃው መለየቱ ያስፈልጋል። ከርከሮ የቀን እንስሳ ነው። በፊቱ ላይ ኪንታሮት የሚመስሉ እብጠቶች አሉት፤ ሲግጥ በፊት ጉልበቱ ይንበረከካል፤ ሲሮጥ ጅራቱን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ያቆማል። ሌሊት በጉድጓድ ያድራል፤ ጉድጓዱም ብዙውን ጊዜ አዋልዲጌሳ የቆፈረው ነው። የዱር አሳማ ግን ሌሊት የሚወጣ፣ ቀን በጥቅጥቅ ቁጥቋጦ የሚተኛ፣ ጀርባው ላይ ረጅም ጋማ ያለው፣ ሲሮጥ ጅራቱን ወደ ታች የሚጥል ነው። በመንጋ ይመጣል። ስኳር ድንችን፣ ጎደሬንና እንሰትን ከሥሩ ገልብጦ የሚያድር በአብዛኛው እርሱ ነው። ስለዚህ ጉዳቱ ቀን ከሆነ ሌሊት ማማ ላይ ሰው ማሳደር ድካም ብቻ ነው።

ሁለቱም የማሽተት ኃይላቸው ከፍተኛ ሲሆን ዐይናቸው ደካማ ነው። ጠባቂው ይህን ካልተረዳ የቱንም ያህል ጥሩ ተኳሽ ቢሆን እንስሳውን አያየውም። ጥቂት አመድ በቀጭን ጨርቅ ቋጥሮ አልፎ አልፎ ማራገፍ የንፋሱን አቅጣጫ ያሳያል። ቦታው እንስሳው ከሚመጣበት ጫካ ወደ ጠባቂው በሚነፍስበት በኩል መሆን አለበት።

ከጥይት በፊት መሠራት ያለበት

በእኛ አስተያየት ጠመንጃ የመጨረሻው ዘዴ ነው። ጎረቤታሞች በአንድ ሳምንት ውስጥ ከዘሩ እሸቱም በአንድ ጊዜ ስለሚደርስ ጥበቃው ያጥራል፤ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ የተዘራ አንድ ማሳ ግን የአካባቢውን እንስሳ ሁሉ ይስባል። በማሳውና በጫካው መካከል ያለውን ቁጥቋጦ መመንጠር፣ ከታች ጠበቅ ያለ አጥር ማጠር፣ የደረሰውን በቆሎ ሳያቆዩ መሰብሰብ፣ ጥበቃውን በተራ መከፋፈል ብዙ ጥይት ይቆጥባል።

አደን ያለ ፈቃድ እንደማይቻልም መታወቅ አለበት። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም በአዋጅ ቁጥር 541/1999፣ የጦር መሣሪያ አያያዝም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይገዛሉ። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ጉዳቱን በጽሑፍ መዝግቦ ለወረዳው ያቀርባል፤ ፈቃድ ሳይመጣ፣ መሣሪያውም ሕጋዊ መሆኑ ሳይረጋገጥ አይተኮስም። በፓርክ ክልልና በአዋሳኙ ይህ ይበልጥ ይጠብቃል።

ጠመንጃውን መፈተን

በገጠር የሚገኘው ጠመንጃ ብዙውን ጊዜ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ፣ ማነጣጠሪያው የላላ ወይም የተመታ ነው። ስለዚህ ማሳ ላይ ከመውጣቱ በፊት ይፈተናል። ከኋላው ከፍ ያለ የአፈር ገደል ባለበት ቦታ፣ በ50 ሜትር ርቀት፣ 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ወረቀት ይተከላል። ጠመንጃው አሸዋ በተሞላ ጆንያ ላይ ተደግፎ 3 ጥይት በአንድ ነጥብ ላይ ይተኮሳል። የሚደገፈው እንጨቱ እንጂ የብረቱ ቱቦ አይደለም፤ ቱቦው ከተደገፈ ጥይቱ ቦታውን ይስታል።

ሦስቱ ቀዳዳዎች ተቀራርበው ከወረቀቱ መሐል ከራቁ ጥፋቱ የማነጣጠሪያው ነው። ተበታትነው ከሆነ ግን ጥፋቱ በአብዛኛው የተኳሹ ስለሆነ ማነጣጠሪያውን መነካካት አይገባም። በማስተካከል ጊዜ የፊተኛው ማነጣጠሪያ ጥይቱ ወደ ሳተበት አቅጣጫ ይገፋል፤ ወደ ግራ ከመታ ወደ ግራ። የኋለኛው የሚገፋው በተቃራኒው ነው። ይህን አቀያይሮ የሚሠራ ብዙ ሰው አለ።

ትንሽ ስሕተት ምን ያህል እንደምታድግ ለገበሬው በቁጥር ማሳየት ይጠቅማል። በሁለቱ ማነጣጠሪያዎች መካከል ያለው ርቀት 50 ሴንቲ ሜትር ቢሆንና ጫፉ ከቦታው 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢዛነፍ፣ ጥይቱ በ50 ሜትር ላይ 10፣ በ100 ሜትር ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ይስታል። የእንስሳው ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ ደግሞ ከዚያ ወረቀት ብዙም አይሰፋም። ስለዚህ ደንቡ አንድ ነው፦ አንድ ተኳሽ 3 ጥይት ተኩሶ 3ቱንም ከወረቀቱ ውስጥ የማያስገባበት ርቀት ለእርሱ ሩቅ ነው፤ ከዚያ ርቀት በእንስሳ ላይ አይተኩስም።

ተኳሹን ማለማመድ

ጥይት ውድ ስለሆነ አብዛኛው ልምምድ በባዶ ጠመንጃ ይሆናል። በመጀመሪያ ጥይቶቹ በሙሉ ከክፍሉ ወጥተው ለሌላ ሰው ይሰጣሉ፤ መሣሪያው ባዶ መሆኑን ሁለት ሰው ያያል። ከዚያ ተለማማጁ ተንበርክኮ ወይም ተቀምጦ፣ ሰደፉን ከትከሻው ጋር አጥብቆ ያነጣጥራል። ጓደኛው አፈሙዙ አጠገብ በቱቦው ላይ አንድ ሳንቲም ያስቀምጣል። ቃታው ሲሳብ ሳንቲሙ ከወደቀ ተኳሹ ቃታውን ነጥቆታል ማለት ነው። ቃታ በጣት ጫፍ ሥጋ፣ ቀስ እያለ፣ መቼ እንደሚለቅ ሳይታወቅ መሳብ አለበት። ትንፋሽ በከፊል ወጥቶ ይያዛል፤ እጅ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ትቶ እንደገና መተንፈስ ነው። ዐይን በፊተኛው ማነጣጠሪያ ጫፍ ላይ ያርፋል፤ እንስሳው ትንሽ ደብዝዞ ቢታይ ጉዳት የለውም። በየቀኑ 20 ጊዜ እንዲህ የሠራ ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ ለውጡን ያየዋል።

ቀጥሎ አሠልጣኙ ተኳሹ ሳያይ አንዳንዴ ጥይት፣ አንዳንዴ ባዶ ቀለህ ያጎርስለታል። ቀለሁ ላይ አፈሙዙ ወደ ታች ከደፋ ተኳሹ ድምፁን እየፈራ ነው። ይህን ፍርሃት ደፋር የሚባሉት ሰዎችም አላቸው፤ ሲታይባቸው ግን ይቆጣሉ።

የሚመታው ቦታ የፊት እግርን ተከትሎ ወደ ላይ፣ ከደረቱ ግርጌ አንድ ሦስተኛ ላይ ነው። የአሳማ ልብ ዝቅ ብሎ ወደ ፊት ስለሚገኝ በሆዱ መሐል ማነጣጠር ማቁሰል ብቻ ነው። የዱር አሳማ ጋማ ሲቆም ቁመቱን ከፍ አድርጎ ስለሚያሳይ ብዙ ጥይት ከጀርባው በላይ ያልፋል። ጋማውን ትቶ እግሩን ማየት ይሻላል። የሚሮጥ እንስሳ ላይ አይተኮስም።

ማማ ላይ

ማማ ለመጠበቅ ብቻ ሳይሆን ለሰው ደኅንነትም የሚመረጥ ነው። ሂሳቡ እንዲህ ነው። አፈሙዙ ከመሬት 4 ሜትር ከፍ ያለ ተኳሽ፣ 25 ሜትር ላይ የቆመውን አሳማ ከመሬት 40 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ቢመታ፣ በእንስሳው ውስጥ ያለፈው ጥይት ከኋላው 3 ሜትር ሳይሞላ መሬት ይገባል። ተንበርክኮ በ80 ሴንቲ ሜትር ከፍታ የተኮሰ ሰው ጥይት ግን ሌላ 25 ሜትር ይሄዳል፤ መሬቱንም በአግድም ስለሚነካው ነጥሮ ሊቀጥል ይችላል። በመንገዱ ምንም ያላገኘ የጠመንጃ ጥይት ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ የበቆሎ አገዳ አያቆመውም።

ስለዚህ የየማማው ቦታና የተኩሱ አቅጣጫ ቀን በብርሃን ተወስኖ በችካል ይመለከታል፤ ጎረቤቶችም እንዲያውቁት ይደረጋል። አንድ ማሳ ላይ ከአንድ በላይ ተኳሽ አይኖርም። በኮሽታ፣ በአገዳ መወዛወዝ፣ በጨለማ ውስጥ በሚታይ ጥላ ላይ መተኮስ ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ ሌሊት በቆሎ ውስጥ የሚያንሿሽሸው ጎረቤት ሊሆን ይችላል። ሙሉ እንስሳው በጨረቃ ወይም በባትሪ ብርሃን ካልታየ ይለፍ። ጠላ ወይም አረቄ የቀመሰ ሰው ማማ ላይ አይወጣም። ጠመንጃው የሚጎርሰው ከተወጣ በኋላ ነው፤ ከመውረድ በፊትም ይራገፋል።

ከተኩስ በኋላ

የተመታው እንስሳ ቁጥቋጦ ውስጥ ከገባ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠበቃል፤ ሌሊት ከሆነ እስኪነጋ። የቆሰለ አሳማ በክራንቻው ጭን ይሰነጥቃል። ወጣቶች በጦርና በዱላ ተከትለው እንዲገቡ መፍቀድ ትልቅ ጥፋት ነው፤ የሚገባው ራሱ ተኳሹና አንድ ረዳቱ፣ ደሙን እየተከተሉ፣ ረዳቱ ከኋላ ሆኖ ነው።

ሥጋው በአካባቢው የማይበላ ከሆነ ውሻና ጅብ እንዳያወጣው ከውኃ ምንጭ ርቆ በጥልቅ ይቀበራል። ከርከሮና የዱር አሳማ የአፍሪካ አሳማ ወረርሽኝን ቫይረስ ሳይታመሙ ስለሚሸከሙ፣ በወረዳው አሳማ የሚያረባ ካለ ሥጋውም ሆነ ትርፍራፊው ወደ እርባታው አይቀርብም፤ በድኑን የነካ ሰውም ልብሱንና ጫማውን ሳያጥብ በረት አይገባም። የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ጸሐፊ ቀኑን፣ ማሳውን፣ የተተኮሰውን ጥይትና የተገደለውን እንስሳ ብዛት ጽፎ ከተረፈው ጥይት ጋር በማግሥቱ ያስረክባል።